በስሟ የገለበጥሁት ቦይ

አሁን የምጽፈውን ነገር የንስሐ አባቴ አያውቁትም። ሌላ ሌላውን ያውቁብኛል። ጾም መግደፌን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን፣ ምላሴ መርዘኛ መሆኑን ሁሉ ነግሬያቸው ሰግጄበታለሁ። ይህችን ግን እግራቸው ሥር በተቀመጥሁ ቁጥር እዘላታለሁ። አንድ ጊዜ ጀምሬያት ነበር፤ "ቢሮ ውስጥ የሆነ ነገር አለ" አልሁና፣ ስለ ኮምፒውተር ለእሳቸው ማስረዳት ያስቸግራል በሚል ሰበብ መልሼ ዋጥኋት። ሰበብ ነው። ምን የሚያስቸግር ነገር አለው? ሰው በለፋበት ሥራ ላይ እጄን አስገብቼ አበላሸሁ፤ ስጠየቅ አልነካሁም አልሁ። ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም።

ታዲያ ለእሳቸው ያልነገርሁትን ለእናንተ ለማታውቁኝ ለምን እነግራለሁ? ፊቴን ስለማታዩት ነዋ። ይህም ራሱ አንድ ፈሪነት ነው፤ ከወዲሁ ጻፉብኝ።

ቢሯችን ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሦስት ነበርን። ባለቤቱ ጋሽ ይርጋ የድሮ ዘመን አርክቴክት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሲሥሉ የኖሩ። ሁለተኛዋ ባንቻምላክ ናት። ሦስተኛው እኔ ሙሉቀን። ባንቻምላክን ባንቹ እንላታለን፤ እኔን ደግሞ እሷ ሙሌ ትለኝ ነበር። ዛሬ በዚህ ቢሮ ሙሌ የሚለኝ ሰው የለም።

ቢም የሚሉትን ፕሮግራም ወደ ቢሯችን ያመጣችው እሷ ናት፤ ባሕር ዳር ተምራው መጣች። በዚህ ፕሮግራም መስመር አይሰመርም። ግድግዳው ግድግዳ፣ በሩ በር፣ ጣሪያው ጣሪያ ሆኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገነባል። አንድ መስኮት ከቦታው ብታነሡ ከፕላኑም፣ ቤቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ከሚታይበት ከሴክሽኑም፣ ፊቱ ከውጭ ከሚታይበት ከኤሌቬሽኑም አብሮ ይነሣል። በጋሽ ይርጋ ዘመን አንድ መስኮት ሲነሣ በየወረቀቱ እየዞሩ ቀለሙን በምላጭ መፋቅ ነበር። ባንቹ መጀመሪያ አንድ ቤት ሠርታ በስክሪኑ ላይ ስታዞርላቸው ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እንዲህ ከሆነማ እኔ ምላጬን ለጢሜ ላውለው" አሉ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እቀናባት ጀመር። ከእሷ በፊት በዚያ ቢሮ ኮምፒውተር አዋቂው እኔ ነበርሁ።

ፕሮግራሙን የሚችል ጉልበት ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረን፤ የተመዘገበውም በእሷ ስም ነው። በትልልቅ ቢሮዎች እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ አለው አሉ፤ ማን የቱን እንደነካ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ግን ማንም ቢቀመጥ ባንቻምላክ ነው። ጋሽ ይርጋ ለማየት ሲቀመጡም ባንቻምላክ ናቸው። እኔ ስቀመጥም ባንቻምላክ ነኝ። በየወረቀቱ ግርጌ ፕሮግራሙ ራሱ ስሟን ይጽፋል። ጠዋት ስንገባ "ዛሬ ባንቻምላክ ማን ነው?" እንባባል ነበር። የኛ ቢሮ ቀልድ ይቺ ነበረች። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን፤ አንዱ የጀመረውን ሞዴል ሌላው እንዳይነካ። ሕጉን ያወጡት ጋሽ ይርጋ ናቸው፤ ያወጡትም እኔ አንድ ጊዜ የባንቹን ሥራ "ላስተካክል" ብዬ ደረጃውን ከፎቁ ለይቼ ካንጠለጠልሁባት በኋላ ነው።

ባንቹ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። የቀበሌዋ ገበሬዎች በማኅበር የበቆሎ መጋዘን ሊያሠሩ ሲነሡ ሊቀመንበሩ አያ ጥጋቡ ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። "ልጃችን እያለች ሌላ ቤት ምን ያስኬደናል?" አሉ። እሳቸው እንደወጡ ባንቹ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከደስታ ነው። እኔ በልቤ፣ "ለአንድ መጋዘን ይህ ሁሉ!" አልሁ። እንግዲህ መርዘኛው ምላሴ ብቻ እንዳልሆነ እዩት።

ቦታውን ራሷ ሄዳ ለካችው። ለዓይን ሜዳ ነው፤ በበጋ ቆማችሁ ብታዩት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አትለዩም። ነገር ግን በምሥራቅ በኩል ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ የክረምቱ ጎርፍ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባንቹ ያደገችበት ስለሆነ ታውቀዋለች። ስለዚህ የመጋዘኑን በር በታች በኩል አደረገችው። በላይ በኩል ደግሞ ጎርፉን ተቀብሎ በጎን የሚያሳልፍ ረጅም ቦይ አደረገች። ቦዩን ከሁሉ በፊት ነው የሠራችው፤ ከግድግዳው በፊት። "መጀመሪያ ውሃውን ላስቀምጥ፤ ቤቱ ኋላ ይደርሳል" ትል ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ማኅበሩ ሐሳቡን ቀየረ። አዲሱ መንገድ በላይ በኩል ሊያልፍ ነውና መኪና እንዲጠጋ በሩ ወደ ላይ ይዙርልን አሉ። አያ ጥጋቡም በማግስቱ መጥተው ሊወስዱት ቀጠሮ ያዙ። ባንቹን ያን ሰሞን ወባ ይዟት ነበር። ጋቢ ተከናንባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ በሩን አንሥታ፣ ግድግዳውን ደፍና፣ ቦዩን ከነበረበት ሳታንቀሳቅስ አንድ በአንድ ታስተካክላለች። "ሂጅ ቤትሽ" አልኋት፤ አልሰማችኝም። ኋላ ላይ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርግ እጇን ይዤ ወደ ታች አወረድኋትና ባጃጅ ላይ አሳፈርኋት። ጨርሼዋለሁም አልጨረስሁም አላለችም። መናገርም አልቻለችም።

ተመልሼ ወጣሁ። ጋሽ ይርጋ ቡሬ ሄደዋል፤ ቢሮው ጭር ብሏል። ወንበሯ ላይ ተቀመጥሁ። ወንበሩ ገና ከትኩሳቷ ይሞቅ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልረዳት ነበር የተቀመጥሁት? እንዲያ ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። እሷ ከጠዋት ጀምሮ የምትለፋበትን እኔ በአንድ ትእዛዝ እንደምጨርሰው ለማየት ነው የተቀመጥሁት። ብትረዱኝ፣ ማንም ሊያየኝ አልነበረም፤ ለራሴ ላሳይ ነው። የለፋችበትን አጠፋሁት። ወደ ፊተኛው ሞዴል ተመለስሁ። "ሁሉንም ምረጥ" አልሁ። ከዚያ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው አድርጎ ፊቱን ኋላ፣ ኋላውን ፊት የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ተጫንሁ። መጋዘኑ እንደ ገጽ ተገለበጠ። በሩ ወደ ላይ ዞረ። ጣሪያው ዞረ። ቦዩም አብሮ ወደ ታች ዞረ። መሬቱ ብቻ ተቆልፎ ስለነበር በነበረበት ቀረ። ፕሮግራሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሳላነበው "እሺ" አልሁና ዘጋሁት።

ምን ብሎኝ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

ወረቀቶቹ ሲወጡ ደግሞ አማሩ። በምላጩ ዘመን ቢሆን አንዱ ወረቀት ከሌላው ይጣላና ሰው "ይኸ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኔ ስህተት ግን በፕላኑም፣ በሴክሽኑም፣ በኤሌቬሽኑም እኩል ተስማምቶ፣ ግርጌው ላይ ባንቻምላክ የሚል ስም ይዞ ወጣ። ጋሽ ይርጋ ሲመለሱ "ጨረሰችው?" አሉኝ። ሕጋቸውን መተላለፌን እንዳያውቁ፣ "አዎ፣ ጨርሳው ነው የሄደች" አልሁ። ፈረሙበት፤ ማኅተማቸውንም መቱበት። በማግስቱ አያ ጥጋቡ መጡ። ስክሪኑ ላይ እያዞርሁ አሳየኋቸው። "አቤት! ልጃችን!" እያሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በሷ ሲደነቁ ደስ አላለኝም፤ የገለበጥሁት እኔ ነኝ ብዬ ልናገር ምላሴን አሳክቶኝ ነበር። ያን ቀን ትምክህቴ እንኳ አሸንፎኝ ቢሆን ኖሮ!

ባንቹ ተሽሏት ስትመለስ ጠየቀችኝ።

"ሙሌ፣ ያን መጋዘን ጨርሸው ነበር እንዴ?"

"ጨርሰሽው ነው የሄድሽ። አያ ጥጋቡ መጥተው ወሰዱት።"

"ኧረ እኔስ ትዝም አይለኝ" ብላ ሳቀች። "ወባዋ ናት የጨረሰችልኝ።"

እኔም ሳቅሁ። ፋይሉን አንድ ጊዜ ከፍታ ብታየው ወዲያው ታገኘው ነበር። አልከፈተችውም። ለምን ትከፍተዋለች? እኔ ነግሬያት የለም?

መጋዘኑ በበጋ ተሠርቶ አለቀ፤ የእኛ ድርሻ ወረቀቱ ብቻ ነበርና ከእኛ ግንባታውን ሄዶ ያየ የለም። ግንበኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ በታች በኩል ያለውን ቦይ የጣሪያ ውሃ መቀበያ አድርገው ነው ያዩት። የሀገሩ ሰው ግን ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ለምን ዝም አለ? ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። አንዳንዶቹ አንሥተውት ነበር አሉ። "ተው፣ ልጃችን የሠራችው ነው፤ በኮምፒውተር አይታ ነው" ተባብለው ተዉት። ከገዛ ዓይናቸው ይልቅ እሷን አመኑ። እነሱ ያመኑት ግን እኔን ነበር።

በቆሎው ተፈልፍሎ ገባ። ክረምቱም ገባ። አንድ ቀን በቡሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዋለና ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ በሜዳው ላይ ተንሸራቶ ወርዶ ቦይ ሳያገኘው ቀጥታ በበሩ ሥር ገባ። ሰው ሳይደርስበት ውሃው በውስጥ ተኝቶ ሰነበተ። ሲከፍቱት የታችኛው ከረጢት ሁሉ በቅሏል፣ የላይኛው ሻግቷል። የባንቹ እናት የእትየ ውዴ በቆሎም እዚያው ውስጥ ነበር።

አያ ጥጋቡ ቢሮ ሲመጡ ሦስታችንም ነበርን። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉም አልተቀመጡም።

"ጋሽ ይርጋ፣ እኛ እንኳ ልንከስ አልመጣነም" አሉ። "ውሃው የገባው በበሩ ነው። ቦዩ ኋላ ቁሟል፤ ጠብታ አላገኘውም። ይኸ ነገር እንደምን ነው፣ ብለን ነው።"

ጋሽ ይርጋ ወረቀቱን ዘረጉ። ባንቹ ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን ቦዩ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ትከተለዋለች። "እኔ በላይ በኩል ነበር ያደረግሁት" አለች። "በላይ በኩል ነው፣ ጋሽየ።" ጋሽ ይርጋ በጣታቸው ግርጌው ላይ ያለውን ስም ነኩት። ያን ጊዜ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። በክስ አይደለም። ሰው ጨለማ ውስጥ ግድግዳ እንደሚፈልግ ነው ያየችኝ።

"ሙሌ፣ እንደው ነክተኸው ነበር?"

"አልነካሁም።"

አልነካሁም አልሁ። አንዲት ቃል። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ፊት ለፊቷ አልነካሁም አልሁ። ማን አስገደደኝ? ጋሽ ይርጋ ቢያባርሩኝ ሌላ ሥራ አጣለሁ? አላጣም። የሚያስፈራኝ ነገር ቢኖር አያ ጥጋቡ ፊት፣ ያን ሁሉ "አቤት!" ባሉበት ክፍል፣ ሰነፍ መባል ነበር። ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

እሷም አመነችኝ። ጥፋቴ ከምንም በላይ ይኸ ነው፤ በቆሎው አይደለም። እሷ እኔን ለማመን ስትል ራሷን ከዳች። እዚያው ቆማ፣ በዓይኔ ፊት፣ የሠራችውን ማስታወሷን ተወችና ያልሠራችውን ማስታወስ ጀመረች። "ወባው ነው" አለች ቀስ ብላ። "ራሴን ስቼ ነበር። በዚያን ጊዜ ገልብጨው ይሆናል።" "ይሆናል" ያለችው በማግስቱ "ነው" ሆነ። ከሳምንት በኋላ እንዴት እንደገለበጠችው ለሰው ታስረዳ ነበር።

ቢሮው ቦዩን በላይ በኩል በራሱ ወጪ አስቆፈረ። ነገር ግን ባንቹ ሀገሯን በባዶ እጇ ማየት አልቻለችም። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይወድቃል። እሷም ይህን ላድርግ አለች። ጋሽ ይርጋ "የቢሮው ጥፋት ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም" ቢሏት አልሰማ አለች። ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ሄድሁ። አዎ፣ እኔ። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ወንድም ነው" አለኝ።

እሑድ ነበር፤ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። ባንቹ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ትንሽ ድንጋይ አልመረጠችም። አንገቷ ዘንበል ብሎ፣ እየተንገዳገደች ሄዳ በሽማግሌዎቹ ፊት በጉልበቷ ወደቀች። "በድያችኋለሁ። በእጄ ነው ያጠፋሁት። ይቅር በሉኝ" አለች። እናቷ እትየ ውዴ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ቁመቴን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ሽምግልናውን የሚመሩት አንድ አዛውንት መሪጌታ ናቸው።

"ልጀ፣ የሻገተው በቆሎ ነው፤ እሱ ከርሞም ይበቅላል" አሏት። "አንችን ግን ይች መሬት ሁለተኛ አታበቅልሽም።" ከዚያ ሕዝቡን ዞር ብለው አዩ። "በዚህ ነገር ሌላ ቃል ያለው ሰው አለ?"

ዓይናቸው ሰው ሁሉ ላይ አለፈ፣ እኔም ላይ አለፈ። ጠረጠሩኝ አልልም፤ ልማድ ነው፣ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ግን እግዚአብሔር በአፋቸው በር ከፍቶልኝ ነበር። መግባት ብቻ ነው የቀረኝ። ድንጋዩ ከእሷ ትከሻ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ የአንገቷን ጅማት አያለሁ። አልተናገርሁም። ከሕዝቡ ጋር ዝም አልሁ። ሕዝቡ ዝም ያለው የሚናገረው ስለሌለው ነው፤ እኔስ?

"ለእግዚአብሔር ብለናል" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። መሪጌታም "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ። ድንጋዩን ከትከሻዋ ያወረድሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳያዘኝ ሮጬ አወረድሁት። ከብዶኝ መሬት ላይ ጣልሁት። እትየ ውዴ መጥተው እጄን ያዙና ሊስሙት ጎንበስ አሉ፤ "ወንድም ሁነሃታል፣ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ከዚያ ቤታቸው ወስደው አበሉኝ። በላሁ። አልዋጥ ብሎኝ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ተውጦልኛል። ጨምሩለት ሲሉም አልተከላከልሁም።

ይቅር አሏት፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያች ሴት ተመልሳ ባንቹ አልሆነችም። አንድ በር ካስቀመጠች በኋላ ተመልሳ ታየዋለች። ደግማ ታየዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ሙሌ፣ እስቲ እይልኝ። እኔ ራሴን አላምንም" ትላለች። አየት አደርግላት ነበር። ምንም ስህተት የሌለበትን ሥራ እያየሁ "ደህና ነው" እላት ነበር። ያኔ እንኳ ብነግራት ታመልጥ ነበር። አልነገርኋትም፤ ያመመኝ ነገር ቢኖር የመጠየቋ ማሰልቸት ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ይርጋን ተሰናብታ ሄደች። ኮምፒውተሩን ሳታጠፋው ነው የወጣችው።

ጋሽ ይርጋም ስኳራቸው ጠንቶባቸው ቤታቸው ዋሉ፤ ቢሮውን ለእኔ ተዉልኝ። አሁን ሁለቱም ክፍል የእኔ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፤ የተመዘገበው በስሜ ነው። ሰው መቅጠር እችላለሁ፤ አንዳንዴም ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ሥራ ፍለጋ ይመጣሉ። አልቀጥርም። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ "ነክተኸው ነበር?" የሚለኝ ይመስለኛል። ትዳርም አልያዝሁም። አንድ ቤት አብራኝ ለምትኖር ሴት ይህን ሳልነግር ስንት ዓመት እችላለሁ? ብነግራትስ ማንን ነው ያገባችው?

ሞዴል ሲሠራ ለመጠን መለኪያ ሰዎች ይቀመጡበታል፤ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት፣ ደረጃ ላይ የቆመ ሰውየ፣ በሩ ላይ ሁለት ሆነው የሚያወሩ። ሰው የሌለበት ሕንፃ በሥዕል አያምርም። ብዙ ቀን ከእነሱ በቀር ሰው ሳላይ ይመሻል። ከታች መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሰው ሲሳሳቅ እሰማለሁ፤ ወርጄ ሰላም ልበል እልና ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ እህል ነጋዴ ቤት ጉዳይ መራዊ ሄጄ ነበር። የቆርቆሮ ዋጋ ልጠይቅ አንድ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ስገባ ከባንኮኒው ኋላ ያለችው እሷ ናት። ወፍራ፣ ሻሽ አስራ። ትንሽ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች።

"ሙሌ! አንተ ነህ?" ብላ በባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ሳመችኝ። ልጇን "ተነሽ ሳሚ" አለቻት። "ይኸ አጎትሽ ነው። በክፉ ቀኔ ከኋላየ የቆመ እሱ ነው።"

ልጅቱ ጉልበቴን ሳመች።

እያወራን አንድ ገበሬ ለጓሮው ቱቦ ሊገዛ ገባ። የጎርፍ ነገር አስቸግሮት ኖሮ፣ "እታለም፣ በየት በኩል ባሳልፈው ይሻላል?" አላት። ባንቹ እጇን አወናጨፈች። "ኧረ እኔ መሸጥ እንጂ ሌላ አላውቅም። ይኸውልህ ባለሙያው፣ እሱን ጠይቀው።" መጀመሪያ ውሃውን ላስቀምጥ ትል የነበረችዋ ባንቹ ናት ይህን ያለችው። ለገበሬው የሆነ ነገር ነገርሁት፤ ምን እንደነገርሁት አላውቅም።

ሲወጣ ጀመርሁ። እውነቴን ነው፣ ጀመርሁ። "ባንቹ፣ ስለዚያ ቦይ..." አልሁ።

ፊቷ ተለዋወጠ። ልጇን በዓይኗ ጠቁማ፣ "ተው በማርያም፣ በልጀ ፊት አታንሳብኝ" አለች በሹክሹክታ። "እነሱስ ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን እስካሁን አይገባኝም፤ እንዴት አድርጌ ገለበጥሁት? ስተኛ ቦዩ ይታየኛል እኮ፤ በላይ በኩል ሁኖ።"

በላይ በኩል ሁኖ! እዚያው ላይ ነበር። "ልክ ነሽ፤ በላይ በኩል ነበር" ማለት ብቻ ነው። እኔ ምን አልሁ? "እሺ፣ ተይው" አልሁ። የተሰማኝንም ልንገራችሁ፤ ይህን ካልነገርሁ ኑዛዜው ሁሉ ከንቱ ነው። ደስ አለኝ። ዝም በል ስላለችኝ ደስ አለኝ። ልመናዋን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ፣ የቆርቆሮውን ዋጋ ጠይቄ፣ ሻይዋን ጠጥቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በዚያ ቢሮ የጀመረውን ውሸት በእሷ ትኩሳትና በእኔ ፍርሃት አላክኬው ነበር። ይኸኛውን ግን በምን አላክካለሁ? በቀን ብርሃን፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ማንም ሳያስፈራኝ ነው ያደረግሁት።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተ በቆሎ አልነበራችሁም። ከሀገሯም ይቅርታ ተጠይቋል፤ ተሰጥቷልም፤ ያገኘችው ግን ያልበደለችው ናት። እሷን ለብቻዋ ጠርቼ ብነግራትስ? እሱም ሌላ ተንኮል ነው፤ ምሥጢሬን ደግሞ እንድትሸከምልኝ ነው። ሊነገር የሚገባው በዚያው በሕዝቡ ፊት፣ እናቷም ልጇም እየሰሙ ነው። አደርገዋለሁ ብዬ አልምልም። ቃሌን ማን ያምነዋል? እኔ ራሴ አላምነውም። ግን ሳልደርስ ብቀር፣ ሞቼም ቢሆን፣ ይህ ጽሑፍ አንድ ሰው እጅ ይገባና መራዊ ይደርስ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ለእናንተ መናገሬን ትቼ ለእሷ ልናገር።

ባንቹ፣ በወባው ራስሽን አልሳትሽም። ጥርስሽ እየተንገጫገጨም ልክ ነበርሽ። ቦዩን በላይ በኩል ነው ያደረግሽው።